ጣረ ሞት ይታይባቸዋል ከሚባሉት የእንግሊዝ መንደሮች የትኛው ይሻላል? የአምስት መንደሮች ንጽጽር

ፕላክሊ 12 ጣረ ሞት አለው፤ ቦርሊ ያለው አንዲት መነኩሲትና አንድ የተቃጠለ ቤት ነው። እንዲህ ሲባል አብዛኛው ሰው ሳያመነታ ወደ 12ቱ ይሄዳል። ቁጥር ግን ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከሁሉም የከፋ መለኪያ ነው። ቁጥር አይቶ የመረጠ ሰው መብራት በሌለው የገጠር መንገድ ዳር፣ ከሰው አጥር ሥር ቆሞ፣ የቱን ዛፍ ማየት እንዳለበት ሳያውቅ የመጨረሻው ባቡር ያመልጠዋል።

የሚረዱት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ታሪኩ የተያያዘበት ቦታ ዛሬም አለ ወይ? ካለስ ቆሞ ማየት ይፈቀዳል? ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ታሪኩ ቀንና ስም ያለው የተጻፈ መዝገብ አለ ወይስ ከመጠጥ ቤት ወሬ አያልፍም? ሦስተኛው፣ ከጨለመ በኋላ መመለሻ አለ ወይ? ከዚህ በታች አምስቱን መንደሮች የምናነጻጽረው በእነዚህ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ጣረ ሞት የምንለው እንግሊዞች በየመንደሩ የሚያወሩለትን የሟች ምስል ነው። ዛር ሰው ላይ ይሰፍራል፤ ይህኛው የሚሰፍረው ቦታ ላይ ነው። አንድ ድልድይ፣ አንድ የመንገድ መታጠፊያ ወይም አንድ መስኮት አለው፤ ከዚያ አይወጣም፣ ማንንም አይከተልም፣ ጭዳም አይጠይቅም። ስለዚህ ቦታው ከፈረሰ ወይም ከታጠረ ለጎብኚው የቀረ ነገር የለም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከሌሎቹ ያስቀደምነውም ለዚህ ነው።

ፕላክሊ (ኬንት)

ፕላክሊ ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአሽፈርድ ከተማ ወዲህ ያለ ትንሽ መንደር ነው። በ1989 የጊነስ የክብረ ወሰን መጽሐፍ በእንግሊዝ ጣረ ሞት በብዛት የሚታይበት መንደር ብሎ መዝግቦታል፤ ያኔ የተቆጠሩት 12 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተራኪው እንደጨመረና እንደቀነሰ 14ም 16ም ሲባል ይሰማል። ይህ ራሱ ስለ ቁጥሩ ብዙ ይናገራል።

ታሪኮቹ ግን ያምራሉ። በፒኖክ ድልድይ ተቀምጣ ከወንዙ ዳር የለቀመችውን ቅጠል የምትሸጥ አሮጊት ነበረች ይባላል። ፒፓዋን እያጨሰች፣ ጂን የሚሉትን አረቄ እየተጎነጨች ሳለ ፍም ወደቀባት፤ አረቄ የጠጣው ሻሿ ተያያዘና እዚያው ተቃጥላ ሞተች። ፍራይት ኮርነር በሚባለው መታጠፊያ አንድ ሽፍታ በጎራዴ ከኦክ ዛፍ ጋር ተሰፍቶ ቀረ። በጡብ ፋብሪካው የሸክላ አፈር ተንዶበት የሞተ ሠራተኛ ይጮኻል፤ ነጎድጓድ ሊመጣ ሲል ደግሞ በወፍጮው ቦታ ወፍጮኛው ይታያል።

ችግሩ የሚጀምረው እነዚህን ቦታዎች ፍለጋ ሲወጡ ነው። ሽፍታው የተሰፋበት ዛፍ የለም። የጡብ ፋብሪካውም ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ወፍጮው ተቃጥሏል። የአገሩ ባላባቶች የነበሩት የዴሪንግ ቤተሰብ የኖሩበት ሰረንደን ዴሪንግ የተባለው ትልቅ ቤትም በ1952 በእሳት ወድሟል። በቤቱ ቤተ መጻሕፍት ትታይ የነበረችው ነጭ ለባሽ ሴት መታያ ቦታዋን አጥታለች ማለት ነው። 12ቱን በዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ለማየት የሚነሣ ሰው ከግማሽ ቀን በኋላ የያዘው የመታጠፊያዎችና የአጥሮች ፎቶ ይሆናል።

በፕላክሊ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዴሪንግ እመቤቶች አንዷ ስትሞት ገላዋ እንዳይፈርስ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ሌላ የእርሳስ ሣጥን እየተደራረበ፣ በመጨረሻም በኦክ ሣጥን ተከድና፣ ደረቷ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ተቀምጦላት ተቀበረች ይባላል። ሣጥኖቹ በአንዱ ተራኪ ዘንድ ሦስት፣ በሌላው ሰባት ናቸው። ይህችን ሴት ነጭ ለባሿ የሚሏት አሉ፤ በመቃብሩ ግቢ የሞተ ሕፃኗን ከምትፈልገው ቀይ ለባሽ ጋር አንድ የሚያደርጓትም አሉ። ሁለቱን ለይቶ የሚነግር አስጎብኚ ከገጠመዎ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው የዴሪንግ መስኮቶች ናቸው፤ ከጣረ ሞቶቹ ሁሉ ይልቅ እነርሱን ማየት ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። ቀና ብለው የቤቶቹን ፊት ይመልከቱ። መስኮቶቹ ጠበብ ያሉ፣ አናታቸው እንደ ቅስት የተጠጋጋ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው፤ አንዱን ካወቁ በኋላ በየቤቱ መለየት ይቀላል። ወጉ እንደሚለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሡና በፓርላማው ጦርነት ጊዜ ከንጉሡ ወገን የነበረ አንድ ዴሪንግ የፓርላማው ወታደሮች ሲደርሱበት በእንዲህ ያለ መስኮት በጭንቅላቱ ዘሎ አመለጠ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰር ኤድዋርድ ቾምሊ ዴሪንግ መስኮቱ ገድ ያለው ነው ብሎ በርስቱ ያሉትን ቤቶች በዚሁ ዓይነት መስኮት አሠራቸው። የአንድ ቤተሰብ ወግ እንዲህ በድንጋይና በመስታወት ታትሞ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ክፍያ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ «የጩኸት ጫካ» የሚሉት ዴሪንግ ዉድ አለ፤ ዉድላንድ ትረስት የተባለው የደን ጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ጥንታዊ ጫካ ነው። አፈሩ ከባድ ሸክላ ስለሆነ ከዝናብ በኋላ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል። መንገዶቹ እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ የገቡበትን በር በስልክ ካርታ ላይ ሳያስቀምጡ አይግቡ። ስለ ጩኸቱ ወደኋላ እንመለሳለን።

ወደ ለንደን መመለሻውን በተመለከተ ከአምስቱ የሚበልጠው ፕላክሊ ነው። ከለንደን ቼሪንግ ክሮስ የሚነሣ ባቡር በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያደርሳል። ጣቢያው ግን ከመንደሩ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መንገዱ በአብዛኛው የእግረኛ ዳርቻም የመንገድ መብራትም የለውም። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ዴሪንግ አርምስ የተባለው መጠጥ ቤት የቤተሰቡ የአደን ማረፊያ የነበረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቅስት መስኮቶች እዚያው ያገኟቸዋል።

ቦርሊ (ኤሴክስ)

ቦርሊ ኤሴክስና ሰፈክ በሚዋሰኑበት፣ ከሰድበሪ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የሚገኝ የጥቂት ቤቶች መንደር ነው። ስሙን ያስጠራው የቄሱ መኖሪያ ነው። በ1862 ሄንሪ ቡል የተባሉ ቄስ በቀይ ጡብ አሠሩት። 14 ልጆች ነበሯቸው፤ ቤቱ በየጊዜው ሲቀጠል ክፍሎቹ የውስጥ ግቢውን እየከበቡ መጡ። ይህ የግቢው ቅርጽ በኋላ ያስፈልገናል።

በጁላይ 28 ቀን 1900 አራት የቡል ሴት ልጆች አመሻሹ ላይ በአትክልቱ ስፍራ መነኩሲት የምትመስል ሴት አየን፣ ልናነጋግራት ስንጠጋ ጠፋች አሉ። በመንደሩም አንድ ወግ ይነገር ነበር፦ ጥንት በቦታው ገዳም ነበር፤ አንድ መነኩሴ ከመነኩሲት ጋር ሊኮበልል ሲል ተይዞ ተገደለ፤ እርሷም በሕይወቷ ሳለች ግድግዳ ውስጥ ተገነባባት። ገዳም እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልተገኘም።

በ1929 ዴይሊ ሚረር የተባለው ጋዜጣ ወሬውን አወጣ፤ ሃሪ ፕራይስ የተባለው የመናፍስት መርማሪም በጁን ወር መጣ። ያኔ በቤቱ የነበሩት ቄስ ስሚዝና ባለቤታቸው ነበሩ። ድንጋይና ዕቃ መወርወር የጀመረው ፕራይስ በመጣ ጊዜ ነው፤ ሲሄድ ቆመ። በ1930 ቄስ ሊዮኔል ፎይስተርና ባለቤታቸው ማሪያን ገቡ። እስከ 1935 በቆዩበት ዘመን ጠርሙስ ይሰበራል፣ ደወል ያለ ደዋይ ይጮኻል፣ በግድግዳው ላይም ማሪያንን «እርዳታ» የሚለምን ጽሑፍ ይገኛል ተባለ። በ1937 ፕራይስ ቤቱን ለአንድ ዓመት ተከራየ፤ በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶም 48 ታዛቢዎች መለመለ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1939 አዲሱ ባለቤት መጻሕፍት ሲያራግፍ ፋኖስ ገለበጥሁ አለ፤ ቤቱ ነደደ። የኢንሹራንስ ኩባንያው መርምሮ እሳቱ ሆን ተብሎ የተነሣ ነው ብሎ ደመደመ። በ1944 ፍርስራሹ ተነሣ።

ፕራይስ በ1948 ሞተ። በ1956 በለንደኑ የመናፍስት ምርምር ማኅበር ውስጥ የነበሩ ሦስት ሰዎች ወረቀቱን ሁሉ መርምረው ረዥም ዘገባ አወጡ። የድምፁን ብዙውን ክፍል ለአይጦችና ያ ያልነው የተከበበ ግቢ ለሚፈጥረው ማስተጋባት ሰጡት፤ የቀረውን ለሰው እጅ። ቤቱ በሚፈርስበት ጊዜ ላይፍ የተባለው መጽሔት ያነሣው ፎቶ አለ፤ ጡብ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጡቡን የወረወረው ከእይታ ውጪ ሆኖ ሲያፈርስ የነበረ ሠራተኛ ነበር።

ሁለተኛውን ጥያቄ በዚህ ደረጃ የሚመልስ ሌላ መንደር የለም። ማን መቼ ገባ፣ ምን ሰማ፣ ማን ተጠራጠረ የሚለው ሁሉ በቀን ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሚያምነውም የማያምነውም የሚከራከረው በአንድ መዝገብ ላይ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለው መልስ ግን መራራ ነው። የቄሱ ቤት የለም። በቦታው የግለሰብ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ምልክትም የለም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚገኘው። ነዋሪዎቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሌሊት እየመጣ በራቸው ላይ ባትሪ የሚያበራ ሰው አሰልችቷቸዋል፤ እውነትም አላቸው።

ስለዚህ ቦርሊን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ያነበበ መሆን አለበት። ያላነበበ ሰው መንገድ፣ አጥርና የደወል ማማ አይቶ ይመለሳል። ያነበበው ግን መንገዱ ላይ ቆሞ ቤቱ እስከ የት እንደነበረ በዓይኑ ይለካል፤ ለዚህ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በባቡር ለሚመጣ ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ተነሥቶ በማርክስ ቴይ በመቀየር ሰድበሪ መድረስ ይቻላል፤ ከዚያ ታክሲ ነው፣ የመመለሻውንም ሲሄዱ ይያዙት።

ኢም (ደርቢሸር)

ስሙ በጽሑፍ ሲታይ «ኢያም» ይመስላል፤ የአገሩ ሰው ግን ኢም ነው የሚለው። አውቶቡስ ሲጠይቁ እንዲሁ ይበሉ።

በ1665 ለአንድ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ መጣለት። ጨርቁ ርጥብ ነበርና እሳት ዳር ተሰጣ፤ ቸነፈር የያዙ ቁንጫዎች ነበሩበት ይባላል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪካርስ ሞተ። በ1666 ቄሱ ዊልያም ሞምፔሰን ከእርሳቸው በፊት በነበሩት ካህን በቶማስ ስታንሊ ረዳትነት መንደሩ ራሱን እንዲዘጋ አደረጉ፦ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ወረርሽኙ እስኪያበቃ 14 ወር ፈጅቶ 260 ያህል ሰው ጨርሷል። ኤልዛቤት ሃንኮክ የተባለች እናት በኦገስት 1666 በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች።

ኢም ጣረ ሞትም አለው። በኢም ሆል ጉድጓድ ውስጥ ሰጠመች የምትባል አገልጋይ አለች፤ ማይነርስ አርምስ የተባለው መጠጥ ቤትም የራሱ ወሬ አለው። ለጣረ ሞት ብቻ ወደ ኢም የሚሄድ ሰው ግን ዋናውን ይስታል ብለን እናምናለን። እዚህ የሚከብደው የታወቀው ነው። ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የድንበር ድንጋይ ስድስት ጉድጓዶች አሉት። የኢም ሰዎች በሽታው እንዳይተላለፍ ጉድጓዶቹን በኮምጣጤ ሞልተው የእህል ዋጋ የሆነውን ሳንቲም እዚያ ያኖሩ ነበር፤ የጎረቤት መንደር ሰው ምግቡን አስቀምጦ ሳንቲሙን ወስዶ ይሄዳል። ጣትዎን ከጉድጓዶቹ በአንዱ ቢያስገቡ ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ከ300 ዓመት በላይ የመጣው ሰው ሁሉ እንዲሁ ጣቱን አስገብቶበታል።

የሃንኮክ ቤተሰብ መቃብር ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ በክብ የድንጋይ ግንብ ታጥሮ ሜዳ ላይ ነው። የድንበሩ ድንጋይ፣ የሞምፔሰን ምንጭ፣ መቃብሩና ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም አሉ፤ ሁሉም ጋ መቆም ይቻላል። በመጀመሪያው ጥያቄ የሚደርስበት የለም። መዝገቡም ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ልብ ቀረ የሚለው በኋላ ዘመን የተወለወለ ነው፤ አቅም ያላቸው ቀደም ብለው ወጥተዋል፣ ቄሱም ልጆቻቸውን አስቀድመው ልከዋል። ሚስታቸው ካትሪን ግን ከእርሳቸው ጋር ቀርታ በኦገስት 1666 ሞታለች፤ መቃብሯ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው።

ለኢም አንድ ሌሊት ማደር ይመከራል። ከሸፊልድ አውቶቡስ አለ፤ በባቡር ከሆነ ግሪንድልፎርድ ጣቢያ ወርደው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት አለብዎ። ሙዚየሙ በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ አስቀድመው ይጠይቁ።

ኤቭበሪ እና ፕረስትበሪ

ኤቭበሪ (ዊልትሸር) ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ከአምስቱ የተሻለው ነው። መንደሩ ራሱ በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ ውስጥ ነው የተሠራው፤ የክቡ ስፋት ከ300 ሜትር ይበልጣል። በድንጋዮቹ መካከል መሄድም፣ መንካትም ይፈቀዳል። በመካከሉ ያለው ሬድ ላየን የተባለ መጠጥ ቤት ፍሎሪ የምትባል ጣረ ሞት አለችው። ባሏ ከጦርነት ሲመለስ ከሌላ ሰው ጋር አገኛት፣ ገደላት፣ ጉድጓድ ውስጥም ጣላት ይላሉ። ጉድጓዱ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ መስታወት ተከድኖ ይታያል፤ 26 ሜትር ገደማ ይጠልቃል።

ከፍሎሪ ይልቅ ግን በ1938 የተገኘውን ሰው ይጠይቁ። ከወደቀ ድንጋይ ሥር የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው አጽም ተገኘ፤ ከእርሱ ጋር መቀስ፣ የደም መብጫና የብር ሳንቲሞች ነበሩ። ጸጉር አስተካካይና ሐኪም ሳይሆን አይቀርም። አጽሙ በ1941 ለንደን ላይ በወረደው ቦምብ ጠፋ ሲባል ኖሮ በ1999 በአንድ ሙዚየም ማከማቻ ውስጥ ተገኘ። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የድንጋዩም ስም እስከ ዛሬ ከእርሱ ሙያ ጋር ተያይዞ ይጠራል። ከስዊንደን አውቶቡስ አለ። መጠጥ ቤቱ አጠገብ በመንደሩ መካከል የሚያልፈው የመኪና መንገድ ፈጣን ነውና የልጆቹን እጅ ይያዙ።

ፕረስትበሪ (ግሎስተርሸር) ከቼልተናም ከተማ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ ምሽት ብቻ ላለው ይስማማዋል። ጥቁሩ አበ ምኔት በፋሲካ፣ በገናና በኖቬምበር 1 ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ በመቃብሩ ግቢ በኩል ወደ ሃይ ስትሪት ይሄዳል ይባላል። በርጌጅ በሚባለው ጥንታዊ መንገድ ደግሞ ሌሊት በፈረስ ሲጋልብ መንገድ ላይ በተዘረጋ ገመድ የወደቀ መልእክተኛ ኮቴው ብቻ ይሰማል ይላሉ። መዝገብ ግን ደካማ ነው፤ ከሰሚ ሰሚ ነው ሁሉም። ጥቅሙ ርቀቱ አጭር፣ መንገዱ መብራት ያለው፣ መመለሻውም የከተማ አውቶቡስ መሆኑ ነው።

እንግዲህ መኪና የሌለውና በአንድ ቀን ከለንደን ደርሶ መመለስ የሚፈልግ ፕላክሊን ይያዝ። ማስረጃ መመርመር የሚወድ፣ ለማንበብም ሁለት ሳምንት የሚሰጥ ቦርሊን። ሁለት ቀን ያለውና ልቡ ሐዘን የሚችል ኢምን፤ እኛን አንድ ብቻ ምረጡ ቢሉን የምንመርጠው ይህን ነው።

ስለ ዕቃና ስለ ማታለያዎቹ

ፕራይስ ለምርመራ ሲወጣ የሚይዘው ሻንጣ ዛሬም ከሚሸጠው አብዛኛው መሣሪያ የተሻለ ነበር፦ ድምፅ እንዳይሰማ ከጫማ ላይ የሚጠለቅ የሱፍ መሸፈኛ፣ የብረት ሜትር፣ በርና መስኮት የሚታሸግበት ክርና ማኅተም፣ ዱካ የሚያሳይ ዱቄት፣ ጠመኔ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዕቃው ያለበትን በጠመኔ ያከቡታል፤ ከተነቃነቀ ከክቡ ይወጣል። እነዚህን ባለቤቱ በፈቀደበት ክፍል ውስጥ ብቻ ይጠቀሙባቸው።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚሸጡት ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የኤሌክትሮማግኔት መለኪያው በግድግዳ ውስጥ ላለ ሽቦም፣ ኪስ ውስጥ ላለ ስልክም እኩል ይጮኻል፤ ካበሩት ስልኩን ያጥፉ። በጨረር የሚሠራው ቴርሞሜትር ደግሞ የአየርን ሙቀት አይለካም፤ የሚለካው ያነጣጠሩበትን ግድግዳ ነው። ወደ ድንጋይ ግድግዳ ሲያዞሩት ቁጥሩ ቢወርድ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

በፎቶ ላይ የሚታዩት ክብ ብርሃኖች ከሌንሱ አጠገብ ያለ አቧራ፣ የዝናብ ጠብታ ወይም የራስዎ ትንፋሽ ናቸው፤ ፍላሹ ከሌንሱ ጋር ተጠግቶ ስለሚበራ ደምቀው ይወጣሉ። በብርድ ሌሊት ትንፋሽዎን ይዘው ያንሡ፣ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። የስልኩ የሌሊት ማንሻ ከዚህ ይብሳል። ለጥቂት ሰከንድ ብርሃን እየሰበሰበ ብዙ ምስል ስለሚያደራርብ በዚያ መካከል ያለፈ ሰው ኋላው እየታየ እንደ ጭስ ሆኖ ይወጣል። መቃብር ግቢ ውስጥ የተነሡ ስንትና ስንት «ነጭ ለባሾች» ጓደኛቸው ነው። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ ያንኑ ቦታ ሦስት ጊዜ ያንሡ፤ በሦስቱም ላይ ያለው ብቻ መነጋገሪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ቀበሮ የምትጣራበት ጊዜ ነው፤ የሴቷ ጩኸት ሰው የሚታረድ ያስመስላል። ሙንትጃክ የተባለችው ትንሽ አጋዘን እንደ ውሻ ለብዙ ደቂቃ ትጮኻለች። ነጯ የጎተራ ጉጉት ደግሞ ስትበር የክንፏ ድምፅ አይሰማም፤ በባትሪ ብርሃን ድንገት ስትገባ ያየ ሰው ነጭ ነገር በአየር ላይ ተንሳፈፈ ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። የእነዚህን የሦስቱን ድምፅ ከመሄድዎ በፊት በስልክዎ ያዳምጡ። ጫካ ውስጥ ከሩጫና ከመውደቅ ያድናል።

በመንገድ ላይ ሳሉ

የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፤ አጥሩ ከሁለቱም ወገን ከፍ ስለሚል መታጠፊያ ላይ መኪናው ሳያይዎ ይደርሳል። እዚያ መኪና በግራ ስለሚሄድ እግረኛ በቀኝ ጠርዝ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ ነው መሄድ ያለበት፤ ከአገራችን መንገድ ተገላቢጦሽ ነው። የሚያንጸባርቅ ሰደርያና ሁለት ባትሪ ይያዙ፤ አንዱ ብርድ ላይ ቶሎ ይሞታል። ቢጫ ቀስት ያለባቸው የእግር መንገዶች በግል እርሻ ውስጥ ቢያልፉም ለሕዝብ የተፈቀዱ ናቸው፤ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ፍርስራሽ መግባት ግን አይፈቀድም። የከፈቱትን የከብት በር መልሰው ይዝጉ።

ቀኑን መምረጥ መንደሩን ከመምረጥ አያንስም። ሃሎዊን በሚሉት የጣረ ሞት በዓል፣ በኦክቶበር 31፣ ወደ ፕላክሊ አይሂዱ፤ መንገዱ በመኪና ይዘጋል፣ ነዋሪው ይማረራል፣ ፖሊስም ይቆማል። በጁላይ 28 ቦርሊ ላይ መነኩሲቷን የሚጠብቁ ሰዎች ይመጣሉ። በማርች አጋማሽ የቼልተናም የፈረስ ውድድር ሲኖር በፕረስትበሪ አካባቢ ማደሪያ ዋጋው ይሰቀላል። ኤቭበሪ በጁን 21 ገደማ ረዥሙን ቀን ለማክበር በሚመጡ ሰዎች ይሞላል። ኢም ግን በተቃራኒው ነው፤ በኦገስት የመጨረሻው እሑድ የቸነፈሩን ሙታን የሚያስቡበት ጸሎት ስለሚደረግ ያን ቀን መገኘት ይመረጣል።

በጁን ጨለማ የሚጠብቅ ሰው በእንግሊዝ ሰዓት ከምሽቱ 10 ድረስ ይቆማል፤ ያኔ የመመለሻ ባቡሩ ያሳስበዋል። በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓቱ ሲለወጥ ግን ለንደን አካባቢ ፀሐይ 4፡40 ገደማ ትጠልቃለች። በኖቬምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንቱ መካከል የሄደ ሰው በ5 ተኩል ሙሉ ጨለማ ያገኛል፣ የሃሎዊኑ ሕዝብ ሄዷል፣ ቅጠሉም ረግፎ ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ይታያል። ለፕላክሊ በቀትር ደርሰው መስኮቶቹን በብርሃን ይዩ፣ ሲመሽ መቃብሩ ግቢ ይግቡ፣ ከዚያ እስከ ጣቢያው 40 ደቂቃ የእግር መንገድ ይቁጠሩ።